ከኋላ ጀምረህ ቁጠር

አምቦ፣ ኅዳር 12 ቀን 1994 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለቶሌራ፣

እኛ ሁላችንም አለን። አንተም እንዳለህ ነው የማስበው፤ ሌላ ማሰብ አልወድም። ጅማ ዝናብ አላቆመም ያልከውን እማዬ ሰምታ ጋቢ ልትልክልህ ነው፤ አልፈልግም ብትል አትሰማህም።

መልስ ያዘገየሁት በስንፍና አይደለም። «የመቲን የሐኪም ወረቀት አንድም ፊደል ሳታስቀር ቀድተህ ላክልኝ» ስላልከኝ ወረቀቱ እስኪገኝ ነው። ከሐኪም ቤት ስትወጣ በፌስታል ጠቅልላ ይዛው ወርዳ ነበር። ቅዳሜ ከገደሉ አፋፍ በኪራይ ፈረስ ሐሮ ወንጪ፣ ሐይቁ ዳር ባሏ ቤት፣ ወርጄ ቀድቼ መጣሁ።

እህታችን መቲ ዛሬ ደህና ናት። ጃለኔን ከወለደች በኋላ ያበጠው እግሯ ጎድሏል። ሦስት ትራስ ደራርባ ተቀምጣ ታድር የነበረችው አሁን በአንድ ትራስ ትተኛለች። ዳገት ግን ገና አትሞክርም። ዶክተሩ በሳምንቱ ባሏን ይዛ እንድትመለስ፣ ለሁለቱም የሚያስረዳው ነገር እንዳለ ነግሯት ነበር። ጀቤሳ አጨዳ ላይ ስለሆነ ሳይሄዱ ቀሩ። አባባ «ምን ችግር አለ? ወረቀቱ ላይ ተጽፏል፤ ጤና የሚማር ልጅ አለን፤ እሱ ያነበዋል» አለ። ስለዚህ ይኸው።

ከላይ በትልልቁ የተጻፉት ሁለቱ ረጃጅም ቃላት ፊደላቸው ይታያል፤ አፌ ውስጥ ግን አልገባ አሉ። ከሥራቸው ያለው የዶክተሩ የእጅ ጽሑፍ ጭራሽ አይነበብም። እሱን እንደ ሥዕል አስመስዬ ነው የቀዳሁት። መቲ ሕፃኗን እያጠባች «እስቲ በለው» አለችኝ። «ካርዲ… ካርዲዮ… ማዮ…» ስል ሳቀች።

«ኦቦሌሳ ኮ፣ ወንድሜ፣ ዘጠነኛ ክፍል ደርሰህ የእህትህን በሽታ እንኳ መጥራት ካቃተህ ምኑን ተማርከው?»

አፈርኩ። እባክህ ሁለት ነገር ጻፍልኝ፤ እንዴት እንደሚነበብና ምን ማለት እንደሆነ።

ወንድምህ ኤቢሳ


ጅማ፣ ኅዳር 30 ቀን 1994 ዓ.ም.

ኤቢሳ፣

ወረቀትህ ደረሰኝ። አቀዳድህ ጥሩ ነው፤ እንደ ሥዕል የቀዳኸው ሳይቀር ይነበባል። ጋቢውም ደርሶኛል፤ እማዬን እግሯን ሳምልኝ።

ማፈርህን ስትጽፍልኝ የራሴ ትዝ አለኝ። እዚህ በመጣሁ በሁለተኛው ሳምንት አስተማሪያችን አስነስቶ አንድ ረጅም ቃል ሲያስነብበኝ ሁሉንም ክፍል እኩል ረገጥኩት። «ይህ ልጅ ቃል እያነበበ ነው ወይስ ጤፍ እያበራየ?» አለ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀብኝ። እኛ አማርኛውንም ኦሮምኛውንም ከሞላ ጎደል በሚዛን ነው የምንረግጠው። እንግሊዝኛ ግን አንዱ ላይ ይጫናል፣ ሌሎቹን አለስልሶ ያልፋል። ስትረስ የሚሉት ይህንን ነው።

ረጅም ቃል ስታይ አትደንግጥ። ከፋፍለው። ከዚያ ከፊት ሳይሆን ከኋላ ጀምረህ ቁጠር፤ ጉልበቱ የት እንደሚያርፍ የሚነግርህ መጨረሻው ነው። በአይተስ የሚያልቅ ከሆነ ከኋላ ሁለተኛው ላይ ያርፋል፦ ሄ–ፓ–ታይ–ተስ። ታይ ላይ ጫን። በሎጂ፣ በስኮፒ፣ በፓቲ የሚያልቅ ከሆነ ከኋላ ሦስተኛው ላይ ነው። ባዮሎጂ በየቀኑ ትማራለህ፤ በትክክል ግን ጠርተኸው አታውቅም። ባይ–ኦል–አ–ጂ። ኦል ላይ ጫን።

የመቲም እንዲሁ ነው። ካር–ዲ–ኦ–ማይ–ኦፕ–አ–ቲ። ሰባት ክፍል አለው። ከኋላ ቁጠር፦ ቲ፣ አ፣ ኦፕ። ኦፕ ስትደርስ ጠረጴዛውን ምታ፤ ሌሎቹን በጣትህ ጫፍ ብቻ ነካ ነካ አድርጋቸው። ከፊቱ ያለው ቃል ፔ–ሪ–ፓር–ተም ነው፤ ፓር ላይ ጫን። በቀን ሃያ ጊዜ በለው። ለመቲም አስተምራት፤ ሰው በገዛ በሽታው አፉ መያዝ የለበትም።

ትርጉሙ በደብዳቤ የሚያልቅ አይደለም። ለገና ስመጣ በአፍ እነግርሃለሁ። ኪኒኗን እንዳታቋርጥ አደራ። አባባን ሰላም በልልኝ፤ ስመጣ የማማክረው ነገር አለኝ።

ወንድምህ ቶሌራ


አምቦ፣ የካቲት 20 ቀን 1994 ዓ.ም.

ለቶሌራ፣

ሰላም ላንተ ይሁን። «ለምን ዝም አልክ? አሞሃል ወይ?» ብለሃል። አላመመኝም፤ ተቀይሜ ነው። ለገና መጥተህ አራት ቀን ስትቆይ ስለ ቃሉ ሁለት ጊዜ ጠየቅኩህ። ሁለቱንም ጊዜ «ኋላ» አልከኝ። ከአባባ ጋር ሁሉቃ ወንዝ ዳር ወርዳችሁ ስትመለሱ ደግሞ ሁለታችሁም እራት አልነካችሁም። እማዬ «ምን ሆናችሁ?» ብትል አባባ «ብርድ መትቶን ነው» አለ። በማግስቱ ኋላህን ሳታይ አውቶቡስ ገባህ። ይሁን።

አሁን ግን ቂሜን የሚያስረሳ ወሬ አለኝ። መቲ ቃሉን ከእኔ በልጣ ትጠራዋለች! ስድስተኛ ክፍል አቋርጣ እንደወጣች አትርሳ። ምጣድም ስታሰማ ሕፃንም ስታስተኛ ትለማመዳለች፤ ኦፕ ላይ ስትደርስ በቀለበቷ ቋ ታደርጋለች። ጃለኔ ራሷ ቋ ሲል ትስቃለች።

ባለፈው እሁድ ጀቤሳ ሁለት ፈረንጆች በጀልባ ወደ ደሴቱ ሲያሻግር እኔና መቲም ተሳፈርን። ጃለኔ ጀርባዋ ላይ ነበረች። አንደኛዋ ፈረንጅ ለሕፃኗ ስትስቅላት ጀቤሳ «ሚስቴ እኮ እንግሊዝኛ ታውቃለች፤ በይ አሰሚያቸው» አለ። መቲ የጀልባውን ጠርዝ እየመታች ሁለቱንም ቃል አንድም ሳትስት አለችው። ፈረንጇ ሳቋን አቆመች። «አንቺ?» ማለቷ ገባኝ። መቲ ደረቷን መታ መታ አድርጋ ኮራ ብላ «እኔ!» አለች። ሴትዮዋ ሕፃኗን አየች፣ ጀቤሳን አየች፣ ብዙ ነገር ቶሎ ቶሎ ተናገረች። ከ«ኖ» በቀር አልያዝኩም፤ «ኖ»ን ግን ደጋግማዋለች። ከዚያ የአንገት ልብሷን ፈትታ ለመቲ አጠለቀችላትና ፊቷን ወደ ውሃው አዞረች። ታለቅስ ነበር።

ጀቤሳ እስኪመሽ ሲስቅ ዋለ። «እኔ ሰባት ዓመት ስቀዝፍ አንድ ፈረንጅ አላስለቀስኩም፤ ሚስቴ በሁለት ቃል አስለቀሰች!» ይላል ላገኘው ሁሉ።

ሴትዮዋ ለምን ያለቀሰች ይመስልሃል? ትርጉሙንም ዛሬ ካልጻፍክልኝ ዳግመኛ አልጠይቅህም።

ወንድምህ ኤቢሳ


ጅማ፣ መጋቢት 8 ቀን 1994 ዓ.ም.

ኤቢሳ፣

ስለ ገናው ይቅርታህን እለምናለሁ። የፈተና ሐሳብ ነበረብኝ።

ፈረንጆች ሆደ ባሻ ናቸው፤ ሕፃን ያዘለች እናት ያያሉ፣ ያለቅሳሉ። ቢሆንም መቲ ቃሉን ላገኘችው ሁሉ እንዳትናገር ንገራት፤ የሰው ዓይን ጥሩ አይደለም።

ትርጉሙን ጠይቀሃል። የልብ ድካም ዓይነት ነው። በመድኃኒትና በዕረፍት ይሻላል፤ እንደሚሻልም ራስህ እያየህ ነው። ፔሪፓርተም የሚለውን ተወው፤ ዓይነቱን ለመለየት የተጨመረ እንጂ ሌላ ነገር የለውም።

አንድ አደራ ግን አለኝ። ሌላ ልጅ ለመውለድ እንዳትቸኩል፣ አራት አምስት ዓመት ትረፍ። ጤና ጣቢያ መርፌ አለ። ለምን ካለችህ ጃለኔ ጡት እንድትጠግብ ነው በላት። ቶሌራ ነው ያለው በላት።

ለልምምድ እንዲሆንህ አምስት አዲስ ቃላት ከኋላ ጽፌልሃለሁ። ከፋፍለህ መልስልኝ።

ወንድምህ ቶሌራ


አምቦ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለቶሌራ፣

እንደምን ከረምክ? ዘንድሮ ለገና እንደማትመጣ ስትጽፍ እማዬ ከፋት፤ ኋላ ግን «ይማር» አለች።

«ያልኳትን ሰምታለች ወይ?» ብለህ ጠይቀሃል። ያኔውኑ ነግሬያታለሁ። «ለጡት ብሎ ነው? ጃለኔ እኮ ጡቱን ጥላ የእኔን ጉርሻ እየቀማች ነው» ብላ ሳቀችብኝ። ኪኒኑንም ከዳንኩ ቆየሁ ብላ ትታዋለች። እንዲያውም የምሥራች አለኝ፤ አራት ወሯ ነው። የጀቤሳ እናት እትዬ ድንቅቱ ከአሁኑ ወንድ ነው ብላ ስም እየመረጠች ነው። መቲ ዳገቱንም ያለ ፈረስ ወጥታ ለቅዱስ ገብርኤል አምቦ መጥታ ነበር፤ አፋፉ ላይ ትንሽ ቁና ቁና ተነፈሰች እንጂ ደህና ናት። «ለቶሌራ፣ ይኸኛውን የምታዋልደኝ አንተ ነህ ብላለች በለው» ብላሃለች።

አምስቱን ቃላት ከፋፍዬ ልኬልሃለሁ። አንዱን ብቻ ሳልስት አልቀርም።

ወንድምህ ኤቢሳ


ጅማ፣ ታኅሣሥ 27 ቀን 1995 ዓ.ም.

ኤቢሳ፣

ይህን እንዳነበብክ ተነስተህ ለአባባ ስጠው። «ወንዝ ዳር የተባባልነው ነገር ደረሰ፤ አሁን አንተ ተናገር» ብሎሃል በለው። መቲ ዛሬ ነገ ሳትል አምቦ ወጥታ ሐኪም ይያት፤ ወረቀቱንም ይዛ ትሂድ። አንተ ምንም አትጠይቀኝ። እባክህ።

ቶሌራ


አምቦ፣ ግንቦት 10 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለቶሌራ፣

ሁለቱም ደብዳቤዎችህ ደርሰውኛል። ሁላችንም ደህና ነን። መቲም ደህና ናት። ስለ እሷ አታስብ፤ ፈተናህን አጥና። ጃለኔ ለጊዜው እኛ ጋ ናት፤ ስምህን መጥራት ጀምራለች። አባባ ሰላም ብሎሃል። እማዬም። ሌላ የምጽፈው የለም።

ኤቢሳ


አምቦ፣ ሰኔ 2 ቀን 1995 ዓ.ም.

ቶሌራ፣

ባለፈው ደብዳቤዬ መቲ ደህና ናት ብዬሃለሁ። ያንን ስጽፍ ከሞተች ሃያ ቀኗ ነበር። ከትናንት ወዲያ አርባዋን አወጣን። ሆዷ ውስጥ የነበረውም አልተረፈም።

መርዶ በደብዳቤ እንደማይነገር አውቃለሁ። አባባ ፈተናህን ስትጨርስ ሽማግሌ ይዞ ጅማ ሊመጣ፣ ጎህ ሲቀድ በርህን አንኳኩቶ ሊያረዳህ ነበር ያሰበው። ተማሪ በፈተናው ሰሞን አይረዳም። እስከዚያ ድረስ «ደህና ናት እያልክ ጻፍ» ብሎ እስክሪብቶ ያስያዘኝ እሱ ነው። ጻፍኩ። አንድ ቃል እንኳ ሳልሰርዝ ጨረስኩት፤ ይህ ነው ያስፈራኝ። ከዚያ ያንተን ደብዳቤዎች ከሣጥን አውጥቼ በተርታ አነበብኳቸው። ውሸት መጻፍ ከማን እንደተማርኩ ገባኝ።

የታኅሣሡን ደብዳቤህን ያኔ ለአባባ ሰጥቼው ነበር። አንብቦ አጥፎ ኪሱ ከተተው። «ክረምት ሳይገባ አሳያታለሁ» አለ። እኔም እንዳልጠይቅ ስለለመንከኝ አልጠየቅኩም።

ሚያዝያ 18 ቀን በወሳንሳ ዳገቱን አወጧት። ስምንት ሰው እየተቀያየረ ነው የተሸከማት። ሐኪም ቤት ሲስተር ጣቢታ የምትባል ነርስ ተቀበለችን። «በፊት የነገሩሽ ሕመም አለ?» ስትላት መቲ ትንፋሿን ሰብስባ ሁለቱንም ቃል በትክክል ጠራችላት። ነርሷ ብዕሯን አቆመች።

«ይህን ስም እንዲህ አድርገሽ የምታውቂ ሰው፣ እኅቴ፣ ለምን አረገዝሽ?»

መቲ እኔን አየችኝ። እኔ ነርሷን ተከትዬ ወጣሁና ወረቀቱን አሳየኋት። ሥዕል የመሰለኝን ጽሑፍ በጣቷ እየተከተለች አነበበችልኝ፦ ሁለተኛ ማርገዝ የለባትም። ለባሏ ይነገር። እንግሊዝኛው አምስት ቃል ብቻ ነው፣ ሁሉም ክፍል ውስጥ የተማርናቸው። እኔ ረጅሙን ስፈራ አጭሩን አላየሁትም። አንተ ግን «ይነበባል» ብለህ ጽፈህልኛል። ፔሪፓርተም ማለት ደግሞ በወሊድ ሰሞን የመጣ ማለት ነው። «ተወው» ያልከኝ ቃል እሱ ነው።

እንዳስተማርከኝ ከኋላ ጀምሬ ቆጠርኩ። መጨረሻው ሞቷ ነው። ከዚያ በፊት እርግዝናዋ። ከኋላ ሦስተኛው ገና ነው፤ አንተና አባባ ከወንዝ ተመልሳችሁ እራት ያልበላችሁበት ቀን። ጉልበቱ ያረፈው እዚያ ላይ ነው።

ዓመት ሙሉ ጠረጴዛ አስመታኸኝ። እኔም ወስጄ ለእህቴ አስተማርኳት። የምትሞትበትን ነገር ስም አሳምራ እየጠራች ትኮራ ነበር፤ ፈረንጅ እንኳ ሲያለቅስላት እኛ ሳቅን። እኔ ባለማወቄ ነው የሳቅኩት። አንተ ያንን ደብዳቤ ስታነብ ምን አደረግክ?

ፈተናህ ሰኞ እንደሚጀምር አውቃለሁ። አውቄ ነው የጻፍኩት።

ኤቢሳ


ጅማ፣ ሰኔ 17 ቀን 1995 ዓ.ም.

ኤቢሳ፣

ለፈተና አልተቀመጥኩም። ይህን የምልህ ልወቅስህ አይደለም።

ምን እንዳደረግኩ ጠይቀሃል። የፈረንጇን ወሬ አንብቤ ደብዳቤውን አልጋዬ ሥር ከተትኩት፤ ሳምንት ሙሉ ከአልጋው ሥር ጫማዬን እንኳ ለማውጣት ፈራሁ። ከዚያ ተቀምጬ ያንን ውሸት ጻፍኩልህ።

ለገና ስመጣ ልነግራት ነበር። ከጅማ እስከ አምቦ በመንገዱ ሙሉ እንዴት አድርጌ እንደምነግራት ሳስብ መጣሁ። መጀመሪያ ለአባባ ልንገረው አልኩ። እሱ ውሃውን ያይ ነበር። «ጀቤሳ ለእናቱ አንድ ነው» አለኝ። «ከእንግዲህ አትወልድም ከተባለ ሌላ ያመጡባታል። ልጄ ሕፃን አዝላ ወደ ደጄ ትመለሳለች። አሁን ድናለች አይደለም ወይ? ፈጣሪ ካለ ይበቃል። ዝም በል።» አስማለኝ። እውነቱን ልንገርህ፣ ኤቢሳ፤ ሲያስምለኝ ቀለለኝ። ያን ቀን እራት ያልበላሁት በሐዘን አልነበረም፤ በመቅለሌ አፍሬ ነው።

ለበሽተኛ ክፉ ዜና እንዴት እንደሚነገር አስተምረውናል። ደብተሬ ላይ አለ። ስጽፈው የራሴን እህት አላሰብኩም።

በሐምሌ መጀመሪያ እመጣለሁ። ከዚያ በፊት ሁለት ነገር ብቻ መልስልኝ። አውቃ ነው የሞተችው? ጀቤሳስ ያውቃል?

ቶሌራ


አምቦ፣ ሰኔ 28 ቀን 1995 ዓ.ም.

ቶሌራ፣

ሁለቱንም እመልስልሃለሁ። እንደ አንተ ግማሹን አላስቀርም።

አውቃለች። ከነርሷ ዘንድ ስመለስ «ምን አለችህ?» አለችኝ። ወረቀቱ እጄ ላይ ነበር። ነገርኳት። ጣራውን እያየች «ቶሌራ ያውቅ ነበር?» አለች። «ያውቅ ነበር» አልኳት። ትቆጣለች ብዬ ጠበቅኩ። እሷ ግን በቀለበቷ የአልጋውን ብረት መታች፤ ሰባት ጊዜ ቀስ ቀስ እያደረገች፣ አምስተኛውን ብቻ ጠንከር አድርጋ። ከዚያ «ፈተናው መቼ ነው?» አለችኝ።

«ሰኔ።»

«እስኪጨርስ ምንም እንዳትነግረው። ቃል ግባልኝ፣ ኦቦሌሳ ኮ።»

ገባሁላት። ስለዚህ የግንቦቱን ውሸት ያስጻፈኝ አባባ ብቻ አይደለም። ሰኔ 2 ቀን ያፈረስኩት ደግሞ የእሷን ቃል ነው። አንተን ለመጉዳት ብዬ እሷን ከዳኋት። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ለአንተ የነገርኩህ ስለምወድህ አይደለም፤ ከአንተ በቀር የሚገባው ሰው ስላጣሁ ነው።

ጀቤሳ አያውቅም ነበር። ቅዳሜ ሐሮ ወንጪ ወረድኩ። ጀልባውን ገልብጦ የተሰነጠቀውን ይደፍን ነበር። ወረቀቱን አውጥቼ በኦሮምኛ ነገርኩት። ያ ሁሉ ነገር በኦሮምኛ ሁለት ዓረፍተ ነገር አልሞላም፤ ከረጅሙ ቃል ያነሰ ጊዜ ነው የወሰደብኝ።

«ይህ መቼ ተጻፈ?» አለኝ።

«ጃለኔ የተወለደች ጊዜ።»

«ማን አነበበው?»

«ቶሌራ። አባባም ያውቃል።»

«እና ለእኔ ለምን አልተነገረኝም?»

አባባ የፈራውን ነገርኩት። ሌላ ሚስት ታመጣባታለህ ብሎ ነው አልኩት። ጀቤሳ እጁን በሱሪው ጠረገና እኔን ሳይሆን ውሃውን አየ።

«እኔ ራሴ ለእናቴ አንድ ነኝ» አለ። «አንድ ሆኜ ምን ጎደለኝ? ጃለኔ ትበቃኝ ነበር።»

ወደ ጀልባው ዞሮ ሥራውን ቀጠለ። እኔም ዳገቱን ወጣሁ።

ስትመጣ መጀመሪያ ወደ እኛ ቤት አትግባ። መጀመሪያ ሐሮ ወንጪ ውረድ። መንገዱን ታውቀዋለህ።

ኤቢሳ